የዲኑ የፊት እግር

ተረት ተረት፤ ያልሰማ ይምጣ ከጎረቤት!

ድንጋዩ ሳይቀር ዲፕሎማ በነበረው ዘመን፣ አንድ የእንስሳት ኮሌጅ ነበር። «እጁን ሳያወጣ ማንም አይናገር» የሚል ደንብ ያወጣው ዲኑ አያ ጅቦ መምህራኑን አንድ በአንድ ዋሻው እየጠራ፣ «ከነገ ጀምሮ ትምህርት በሌሊት ነው፤ ተስማማህ?» ይላል። ጥርሱን ያየ ሁሉ «ተስማማሁ!» ብሎ ይወጣል።

እመት አህያ ግን በሌሊት ማን እራት እንደሚሆን ገባትና ፍየልን፣ አውራ ዶሮንና ጃርትን ሰብስባ፣ «ጎበዝ፣ የጎዳን ተራ በተራ መግባታችን ነው፤ አሁን አብረን እንግባ!» አለች።

ተጋፍተው ሲገቡ ዋሻው ጢም አለ፤ አያ ጅቦም የጃርት እሾህ ወግቶት ዘሎ ደጅ ወደቀ። ውስጥ ያሉት «ትምህርት በቀን!» ብለው ወሰኑ።

«ኧረ እኔም ሐሳብ አለኝ!» አለ ከደጅ።

«አያ ጅቦ፣ በራስዎ ደንብ እጅዎን አውጥተው ተራዎን ይጠብቁ» አለችው አህያ።

ይኸው የፊት እግሩን እንደሰቀለ ደንዝዞበት እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ተረቴን መልሱ፤ ለአፌ ቆሎ አፍሱ!