ጠባቂዋ ምን ሠራች?

በዚያ ጫካ አንድ ሥርዓት ነበረ፤ ጅግራ ኩይሳው ላይ ወጥታ ዙሪያውን ቃኝታ «ጠጡ» ካላለች በስተቀር ማንም አንገቱን ወደ ኩሬው አያጎነብስም። ጥሙ ቢያቃጥልም ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል።

ንጉሡ አያ አንበሶ ግን አንድ ቀን «ከእንግዲህ በሥራው ውጤታማ ያልሆነ ቦታውን ይለቃል» ብሎ አወጀ። መዛኝ አድርጎ የሾመው ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦን! እኔ በበኩሌ ጅብ ሲያስብልኝ ቆዳዬን እዳብሳለሁ።

ጉባኤው ተሰበሰበ። ጅቦ ንብን ጠየቃት፤ ማሯን አሳየች። አህያን ጠየቀው፤ የተላላጠ ጀርባውን አዞረ። ፍልፈልም የቆፈረውን አፈር ቆልሎ አሳይቶ አለፈ፤ ጉድጓዱ ማንን እንደጠቀመ የጠየቀ የለም። ቀጥሎ የጅግራ ተራ ደረሰ።

«እሜቴ ጅግራ፣ ዘንድሮ ስንት ጠላት ያዝሽ?»

«አንድም። እንደማያቸው ስለሚያውቁ አይመጡም።»

«ታዲያ ምን ሠራሽ? ማር የለ፣ ጭነት የለ!»

ድኩላ ዳማ ግልገሏን ከጎኗ አስጠግታ ተነሣች። «ኧረ በሕግ አምላክ! የሠራችው ይኸውና፤ ልጄ በሕይወት አለ። የንብ ሥራ በማሯ ይለካል፤ የጠባቂ ሥራ ግን የሚለካው ሳይደርስ በቀረው ጉዳት ነው።»

«ያልደረሰ ነገር አይታይም፤ የማይታይ ደግሞ አይመዘንም» አለ ጅቦ።

ጉባኤው አጨበጨበለት። ለምን ቢሉ፣ ጅግራ እስክትፈቅድ በጥም መቆም ሰልችቷቸው ነበራ! ጅግራ ተሰናበተች። ጅቦ ራሱ «እኔ በነጻ አገለግላለሁ» ብሎ ኩይሳው ላይ ወጣ። ከጅብ የሚመጣ ነጻ ነገር እንዴት እንደሚያስፈራኝ!

በሳምንቱ ጅቦ ሪፖርት አቀረበ። «ጠላት መጣ፤ ጮኽኩ፤ አሳደድኩ። ጅግራ በዓመት አንድ ጠላት አላገኘችም፤ እኔ በሳምንት ሰባት ጊዜ ገጥሜያለሁ።»

«እንዲህ ያለ ውጤታማ ጠባቂ አይቼ አላውቅም» አለ አያ አንበሶ።

ድኩላ ብቻዋን ተነሣች። ግልገሏ ከትናንት ጀምሮ የለም። ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል።

«ንጉሥ ሆይ፣ ውጤታማ የሆነው ለማን ነው?»

አያ አንበሶ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። በጥርሶቹ መካከል ለስላሳ ዳማ ጠጉር ተሰክቶ ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሁሉ አዩት። ድኩላም አየችው።

አህያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቀጣዩ አጀንዳ ምንድን ነው?» አለ።