በዳለቻ መስክ የተቸከለው መንገድ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ እንደ ሰው በሚናገሩበት፣ ሲዋሹም ከሰው በማያንሱበት ዘመን፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። የምትኖረው ከጫካው ዳር፣ ምንጭ በማይነጥፍበት ለምለም መስክ ላይ ነው። ዙሪያውን የእሾህ አጥር አለው። በዚያ አጥር ውስጥ ውርንጭሎቿን ወልዳ አሳድጋለች፤ አንዱንም ጅብ አልበላባትም። ለአህያ ከዚህ የበለጠ ምን ሀብት አለ?

አንድ ማለዳ ስትነቃ በሣሯ መካከል ችካል ተተክሎ አየች። ከችካሉ ወዲያ ሌላ ችካል፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ። ቀበሮ አንዱን ችካል ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ጅብ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ዳለቻን ከጆሮዋ እስከ ሰኮናዋ በዓይኑ ይለካታል።

«እንደምን አደርሽ፣ እትዬ ዳለቻ!» አለ ቀበሮ። «እንኳን ደስ ያለሽ፤ የልማት ተነሺ ሆነሻል።»

«ከየት ነው የምነሣው?»

«ከዚህ ነዋ! ንጉሥ አንበሳ ከዋሻው እስከ ወንዙ መንገድ እንዲወጣ አዟል። የሥራው አለቃ አያ ጅቦ ነው፤ መስመሩን የቀየስኩት እኔ ነኝ። መስመሩ ደግሞ መስክሽን ወደደው።»

የዳለቻ ጆሮዎች ዝቅ አሉ። «እኔስ ወዴት ልሂድ?»

«ምትክ ቦታ ተዘጋጅቶልሻል። ግሩም ቦታ ነው! ጥላ አለው፣ ነፋሻ ነው፣ ጎረቤቱም የተከበረ ነው።»

«ጎረቤቱ ማን ነው?»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «እኔ ነኝ» አለ በትሕትና።

ዳለቻ ወደ ጎረቤቶቿ ሮጠች። ከርከሮ «ከላይ የመጣን ነገር ማን ይመልሰዋል?» ብሎ ሥሩን መቆፈሩን ቀጠለ። ሚዳቋ ደግሞ «በእኔ ቤት አያልፍም፤ እንግዲያው ጥሩ መንገድ ነው» አለች። ያን ቀን ለዳለቻ ሣር አልዋጥልሽ አላት።

ደግነቱ በዚያ ጫካ አንድ ደንብ ነበር። የማንም ቦታ ከመወሰዱ በፊት ጉዳዩ በሸንጎ ይሰማል፤ ቅር ያለው ይናገራል። ሰሚው አባ ጉሬዛ ናቸው። ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ደርበው ዕድሜያቸውን በዛፍ ላይ ስለኖሩና ከምድር አንድ ስንዝር ስለሌላቸው፣ በመሬት ነገር አያዳሉም ተብሎ ይታመናል።

ሸንጎው በሾላው ሥር ተሰበሰበ። ቀበሮ አስቀድሞ ጅብን ሲያስጠናው ነበር፦ «የሚጠይቁህን ሁሉ ‹ለሕዝብ ጥቅም ነው› በል። ከዚያ ሌላ ቃል እንዳይወጣህ!»

አባ ጉሬዛ ከቅርንጫፋቸው ላይ ሆነው ጀመሩ። «አያ ጅቦ፣ መንገዱ ለምን አስፈለገ?»

«ለሕዝብ ጥቅም ነው።»

«በዳለቻ መስክ እንዲያልፍ የተደረገውስ ለምንድን ነው?»

«ለሕዝብ ጥቅም ነው።»

«መልካም። ቁርስ በልተህ ነው የመጣኸው?»

«ለሕዝብ ጥቅም ነው» አለ ጅብ ደረቱን ነፍቶ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

«ለመሆኑ ሕዝብ የምትለው ማንን ነው?»

ይህን ቀበሮ አላስጠናውም። ጅብ አሰበ፤ ማሰብ ስላልለመደበት ራሱን አመመው። «እኔ...» አለ በመጨረሻ፣ «ሚስቴ... የሚስቴ ወንድሞች...»

«ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ቀበሮ ብድግ አለ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ አያ ጅቦ ሁላችንንም ማለቱ ነው። በዋሻውና በወንዙ መካከል ባለው ኮረብታ ላይ በቀጥታ እንዳናወጣው ቋጥኝ ነው፣ ገደል ነው። በዳለቻ መስክ ካልሆነ መውጫ የለም። ታዲያ የአንዲት አህያ ሣር የአገር ልማት ያቁም?»

«እውነቱን ነው» አለ አንበሳ እያዛጋ። «ቶሎ ጨርሱት፤ ውሃ ጠምቶኛል።»

«ቅር ያላት ትናገር» አሉ አባ ጉሬዛ።

ዳለቻ ተነሣች። ስታውጠነጥነው የሰነበተችው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። አፏን ስትከፍት የወጣው ቃል ሳይሆን ሾላውን ያናወጠ ረጅም ማናፋት ሆነ። አራዊቱ እየተንከባለሉ ሳቁ። ዳለቻ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ግን ከዚያ የባሰ ሀፍረት የለምና፣ የቀራት መናገር ብቻ ነበር።

«መንገድ አልጠላሁም» አለች። «ንጉሡም ውሃ ይጠጣ። ነገር ግን ምትክ ብላችሁ የሰጣችሁኝ የጅብ ደጅ ነው። መስኬን የምትፈልጉት ለመንገድ ከሆነ፣ ሌላ መውጫ አለመኖሩን መጥታችሁ እዩልኝ። እኔን ለመብላት ከሆነ ግን በሸንጎ አታንከራቱኝ፤ እዚሁ ብሉኝ።»

«ይቻላል?» ሲል ጅብ ቀበሮን ጠየቀ።

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። አባ ጉሬዛ መሬት መርገጥ አይወዱም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ካባቸውን ሰብስበው ወረዱ። «ተነሡ! መንገድ የሚታየው በእግር ነው» አሉ።

ሁሉም ከአንበሳ ዋሻ ተነሥተው ችካሉን እየተከተሉ ሄዱ። ችካሉ ቀጥ ብሎ እስከ ኮረብታው ግርጌ ደረሰና ዱላ እንዳየ እባብ ወደ ግራ ተጠመዘዘ። ኮረብታውን ዞሮ፣ የዳለቻን አጥር ጥሶ፣ ምንጩን ረግጦ፣ በጅብ ደጅ በኩል አልፎ በስንት መከራ ወንዝ ገባ። አንበሳ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። «ይህ መንገድ ውሃ ሊያጠጣኝ ነው ወይስ በጥም ሊገድለኝ?»

አባ ጉሬዛ ሁሉንም ወደ ኮረብታው መለሱ። በቀጥታ ወጡ። ገደል የለም፤ ቋጥኝ የለም፤ ቀለል ያለ ዳገትና ለስላሳ ቀይ አፈር ነው። በመካከሉ ሦስት በር ያለው ጉድጓድ ተቆፍሯል። የቀበሮ ሚስት ከበሩ ላይ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ቋጥኙ የት አለ?» አሉ አባ ጉሬዛ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ... ቅርስ ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ። ከአያት ከቅድመ አያቶቼ ጀምሮ...»

«የምን ቅድመ አያት?» አለች ሚስቱ። «አምና አይደል እንዴ የቆፈርነው!»

አንበሳ ከኮረብታው ጫፍ ቁልቁል ሲያይ ወንዙ ከእግሩ ሥር ያበራል። ያኔ ያገሳው ግሣት ጅብን እያንሸራተተ ግርጌ ድረስ አወረደው።

ፍርዱ አልዘገየም። መንገዱ በኮረብታው ላይ ይውጣ፤ በዳለቻ መስክ የተተከለው ችካል ሁሉ ይነቀል ተባለ። ጅብ ከአለቅነቱ ተሻረ፤ ለምን እንደተሻረ እስከ ዛሬ አልገባውም።

«ቀበሮም ቢሆን ከቤቱ ሲነሣ ምትክ ይገባዋል» አሉ አባ ጉሬዛ። «ማን ቦታ አለው?»

ከቀበሮ ጋር መጎራበት ማን ይወዳል? ከርከሮ መሬት መሬት አየ፤ ሚዳቋ ሰማይ ሰማዩን። የቀበሮ ሚስት ማልቀስ ጀመረች። ዳለቻ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ይህን መደበቅም አልፈለገችም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ መድረሻ ማጣት ምን እንደሚመስል ገና ከልቧ አልወጣም ነበር።

«ከመስኬ ዳር ባዶ ቦታ አለ» አለች። «እዚያ ይቆፍር።»

ቀበሮ እንባውን በጅራቱ ጠረገ። «እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ ዳለቻ! በየት በኩል ልቆፍር?»

«ከኋላዬ» አለች ዳለቻ። «እርግጫዬ ከሚደርስበት እንዳታልፍ ብቻ።»

ከዚህ የምንማረው፣ «ለሁሉም ይጠቅማል» የተባለ መንገድ የማንን ደጅ እንደጣሰና የማንን ደጅ እንደዞረ በእግር ሄደው ሳያዩ መፍረድ ለጅብ ድግስ መደገስ መሆኑን ነው።