ሸንጎ የገባው ከርከሮ

አንድ ጊዜ ከርከሮዎች ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ በሚኖሩበት ቆላ ክፉ ወሬ ደረሰ። አያ ጅቦ በአንበሳው ሸንጎ ፊት ቆሞ፣ «በቆላው ያለ ጉድጓድ ሁሉ ይደፈን፤ የመንገደኛ እግር እየሰበረ ነው» የሚል አዋጅ አቅርቧል። በዚያ ሸንጎ ደግሞ አንድም ከርከሮ ተቀምጦ አያውቅም።

ከርከሮዎቹ ተሰብስበው ሽማግሌያቸውን፣ «አባታችን፣ አንቱ ይሂዱልን» አሉት።

«እኔ? በዚህ ፊቴ?» አለ ሽማግሌው። «ኩሬ ላይ መልኬን እንዳላይ ዓይኔን ጨፍኜ እኮ ነው ውኃ የምጠጣው!»

«ደግ ነዋ፤ አንዴ ያየህ አይረሳህም» አለችው ሚስቱ።

መንገድ ላይ እመት ቀበሮ አገኘችው። «አያ ከርከሮ፣ ሸንጎ ላይ እንደ ቆላው አይወራም። ካላገሳህ የሚሰማህ የለም» ብላ መከረችው። ከጅብ ጋር ተመካክራ መምጣቷን አላወቀም። ሦስት ቀን ሙሉ ቋጥኝ ፊት ቆሞ ማግሳት ተለማመደ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ቆቅ ደንግጣ ብትበር፣ «በቃ፣ ተክኜበታለሁ» አለ።

ተራው ደርሶ ሸንጎው መሀል ቆመ። ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ፣ አገሳ። የወጣው ግን «እሪሪክ!» የሚል ጩኸት ነበር። ዝንጀሮ ከተቀመጠበት ወደቀ። አህያ እንኳ፣ «እኔስ እሻላለሁ» አለች። ጅብማ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

ከርከሮ በኀፍረት እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ሮጦ ወደ ቆላው መመለስ አማረው። ነገር ግን ጉድጓድ ውስጥ ትቷቸው የመጣቸው ልጆቹ ትዝ አሉትና፣ ቆም ብሎ እሱም አብሮ ሳቀ።

«ሳቁ ጌቶቼ፤ ይህችን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል» አለ። «ማግሳቱን ለባለቤቱ ትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። አያ ጅቦ፣ ጉድጓዳችን ከተደፈነ እኛ የት እናድራለን?»

«ሜዳ ላይ ነዋ!» አለ ጅብ፣ ሳቁ ገና ሳይበርድለት።

«ልጆቻችንስ?»

«እነሱም ሜዳ ላይ!»

«አንተስ የት ታድራለህ?»

«እዚያው አጠገባችሁ!» አለና ከንፈሩን ላሰ። አጠገቡ የተቀመጠችው ቀበሮ ጎኑን ጎሰም ብታደርገውም ዘግይታ ነበር።

አንበሳው ጅብን ትኩር ብሎ አየውና፣ «ለመንገደኛ እግር ይህን ያህል ማሰብህን አላውቅም ነበር» አለ። አዋጁ በዚያው ውድቅ ሆነ።

አንበሳው ወደ ከርከሮ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ ቆላው በዚህ ሸንጎ ወንበር አለው፤ የምትቀመጥበትም አንተ ነህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፤ ግን ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ አላውቅም።»

«ግድ የለህም፤ እነዚህም ሲመጡ አያውቁም ነበር።»

ከርከሮ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። በመጨረሻ ከወንበሩ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ቀጣዩ ጉዳይ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ከዚህ የምንማረው በሌላው ድምፅ ለማግሳት ከሚታገል ይልቅ በራሱ ስቆ በራሱ ድምፅ የሚጠይቅ ለወገኑ እንደሚበጅ ነው።