ተራው የታወቀ ውሃ

አንድ የውሃ አባት ነበር፤ አያ ይርዳው ይሉታል። ሥራው ከምንጩ የሚወርደውን ውሃ ለዘጠኝ ማሳ በተራ ማዳረስ ነው። ሁልጊዜ ከታች፣ ውሃ ከሚያጥረው ከእማማ ጥሩዬ ማሳ ይጀምራል። ሽቅብ እየወጣ የራሱን መጨረሻ ያጠጣል። በየቀኑ የዋርካው ጥላ ቦዩን ሲነካ አንዱን በጭቃ ዘግቶ ለሌላው ይከፍታል። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ለባለጸጋው ለጓንጉል ግን አልተዋጠለትም።

«አያ ይርዳው፣ ነገ የምትሠራውን አህያዬም ታውቀዋለች» አለው። «የታወቀን ሰው ማን ይፈራል? አንዴ ሳትናገር ተራውን ገልብጠው። ደጅህ በማር ይሞላል።»

«ማር ስበላ ሆዴን ያመኛል» አለ አያ ይርዳው፣ ከቁፋሮው ቀና ሳይል።

በዚያ ዓመት ምንጩ ሳሳ። ጓንጉል በሰዉ ፊት ተነስቶ «ጊዜው ሲለወጥ የማይለወጥ ሰው ግንድ ነው፤ የውሃ አባትነቱን ለእኔ ስጡኝ» አለ። ጨንቋቸው ነበርና ሰጡት።

ጓንጉል ደስ ላለው ይከፍት ጀመር። ነገ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሰዉ አረሙን ትቶ የእሱን ፊት ሲያይ ይውላል። ጓንጉል ካኮረፈ ሰዉ ማር ይዞለት ይሄዳል። አብረው ሲያርሙ የኖሩ ጎረቤታሞች ዱላ ይዘው ቦይ ዳር ተፋጠጡ። በወሩ የየማሳው ሽንኩርት ሁሉ ጠወለገ። ያን ጊዜ ጓንጉልን ሽረው አያ ይርዳውን መለሱት።

በተመለሰበት ማለዳ ሚስቱ «የእኛ ሽንኩርት እስከ ዘጠነኛው ቀን አይቆይም» አለችው። «ዛሬን ብቻ ለእኛ ክፈት። የሚወቅስህ የለም።»

«ዛሬን ብቻ ካልኩ ነገ ማን ያምነኛል?» አለና ወደ ቦዩ ወረደ።

ሰዉ ዱላውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀው። ጓንጉልም ዱላ ይዞ መጥቷል። አያ ይርዳው ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ገፋና ውሃውን ወደ እማማ ጥሩዬ ማሳ ለቀቀው።

ጓንጉል ሳቀ። «አላልኳችሁም? ይህን እንደሚያደርግ አውቄ ነበር።»

«ካወቅህ ዱላ ይዘህ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው አያ ይርዳው። «ሂድና አርም።»

ሰዎቹ በእጃቸው ያለውን ዱላ አይተው አፈሩ። አንድ በአንድ ወደየማሳቸው ሄዱ። የአያ ይርዳው ተራ ሲደርስ ግማሹ ሽንኩርት ደርቆ ነበር። የቀረውን አጠጣ።

የሚታወቅ ሰው ይናቃል የሚሉ አሉ። ይናቁት። አመሉ የማይታወቅ አባወራ ቤቱን ሁሉ ዘበኛ ያደርገዋል፤ ዘበኛ ደግሞ አያርምም። መንገድህን ብትቀያይር ነውር የለውም፤ ነውሩ ቃልህን ስትቀያይር ነው።

አንተስ ከደጅ ስትገባ ቤተሰብህ ሥራውን ይቀጥላል ወይስ ፊትህን ያያል?