ያልተነገረ መላ

«አንድ ጉድጓድ አስቆፋሪ ነበረ» አሉ መምህሩ፣ የጫማ ፋብሪካ ያለው ሰው መጥቶ «የተማረ ሠራተኛ ሞልቶኝ አዲስ ነገር የሚያፈልቅ ያጣሁት ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው።

ይህ አስቆፋሪ በቆላው አገር ስሙ የተጠራ ነበር። ሰዎቹን በየመንደሩ አሰማርቶ ውኃ ያወጣል። ኩሩ ነው፤ «አልቻልሁም» የሚል ቃል ጆሮው አይወድም።

አንድ ቀን አንዳርጌ የሚባል ቆፋሪው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «ጌታዬ፣ ከጉድጓዱ ሥር ኩራዜ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጉልበቴም ከዳኝ፤ በገመድ ጎትተው ነው ያወጡኝ። እታች ክፉ አየር አለ። ለሌሎቹም ይነገርና መላ እንፈልግለት» አለው።

አስቆፋሪው በሰው ሁሉ ፊት ሳቀበት። «ፈሪ ምክንያት አያጣም» ብሎ አሰናበተው። አንዳርጌ ዶማውን ተሸክሞ ሲሄድ ሌሎቹ ቆመው አዩት።

ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። አስቆፋሪው «አሁን ቤቴ ተስተካከለ» ብሎ ደስ አለው። ነገር ግን በአንዱ መንደር ያሉት ቆፋሪዎች ኩራዛቸው ሲጠፋባቸው ጉድጓዱን ደፍነው «ዐለት ገጠመን» አሉት። በሌላው መንደር ያሉት ደግሞ መላ አገኙ፦ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስረው ደጋግመው ሲያወርዱና ሲያወጡ አየሩ ተናውጦ ጸዳ፤ ኩራዙም መብራቱን ቀጠለ። መላውን ለመንገር ግን መጀመሪያ ችግሩን መንገር ሊኖርባቸው ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተባብለው ተዉት።

በዓመቱ አስቆፋሪው ታናሽ ወንድሙን ወደ ሥራው አስገባ። ወንድምየው ምንም ሳያውቅ ጉድጓድ ወረደ። ቢጠሩት አይመልስም። ሊያወጣው የወረደው ባልንጀራውም እዚያው ቀረ። አስቆፋሪው «ካልወረድሁ» ብሎ ሲታገል ሰው ይዞ አስቀረው። ጩኸት ሰምተው የደረሱት መላውን ያገኙት የጎረቤት መንደር ቆፋሪዎች ቅርንጫፍ ቆርጠው አየሩን አናወጡ፤ ከዚያ ወርደው ሁለቱንም አወጡ። ሁለቱም ሞተዋል።

አስቆፋሪው የወንድሙን ሬሳ ታቅፎ፣ «ይህን መላ ከመቼ ጀምሮ ታውቁታላችሁ?» አለ።

«ከአምና ጀምሮ» አለው ከመሀላቸው በዕድሜ የገፋው።

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «ጌታዬ፣ አንዳርጌ የነገረዎት ዕለት እኛም እዚያው ቆመን ነበር።»

መምህሩ ወደ ባለ ፋብሪካው ዘወር አሉ። «ልጄ፣ የአስቆፋሪው ቤት ዕውቀት አላጣም ነበር፤ ያጣው ዕውቀት የሚተላለፍበትን አፍ ነው። ያንተም ቤት እንዲሁ ነው። አዲስ መላ የሚወለደው ከተነገረ ስሕተት ነው። ስሕተቱን የነገረህን ስታባርር፣ መላውን የያዘውም አብሮ አፉን ይዘጋል። እስቲ ንገረኝ፣ ‹ቆዳ አበላሸሁ› ብሎ ራሱ የነገረህ ሠራተኛ ነበረ? ምን አደረግኸው?»

«አባረርሁት» አለ ሰውዬው።

«እንግዲያ ሂድና ፈልገው» አሉት። «አስቆፋሪው የተማረው ሰው ቀብሮ ነው። አንተ ገና አልቀበርህም።»