የትርንጎ ክር

አንድ ሰው ነበር፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በቤቱ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ የሚኖር፣ ሲራክ የሚባል። ኮምፒውተሩ ከአንድ ቢሮ በጨረታ የወጣ፣ ቀጭን ሳጥን ያለው አሮጌ ነው። ሲያቀናብርበት ሙሽሮቹ አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ደርቀው ይቀራሉ። ሲራክም ወጥቶ ተመልሶ ሲመጣ እግራቸው ገና አልወረደም። የሙያ ጓደኞቹ መላው ግራፊክስ ካርድ መግጠም ነው አሉት፤ የምስሉን ሸክም ከኮምፒውተሩ ላይ የሚያነሣለት ዕቃ። ስምንት ወር ሙሉ ከአፉ እየነጠቀ አጠራቀመ።

በእነሱ ሙያ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት «ያንተ ስንት ጊጋ ነው?» ብቻ ነው፤ የካርዱን አቅም ማለታቸው ነው። ስምንት ጊጋ ያለው ደረቱን ነፍቶ ያወራል፤ ሁለት ጊጋ ያለው ሻዩን ዝም ብሎ ይጠጣል። ጭራሽ ካርድ የሌለው ሲራክ ምን ሆኖ እንደሚቀመጥ እናንተው ገምቱት።

በዚያ ሳምንት ግን ነገሩ ከጉራ አለፈ። አንዲት ሙሽራ አባቷ ታመው አልጋ ላይ ስለዋሉ ሠርጓን አላዩላትም። ሲራክ ለእሑዱ ቅልቅል ቪዲዮውን አድርሶ አልጋቸው ድረስ ሄዶ ሊያሳያቸው ቃል ገባ። በዚያ ኮምፒውተር ከሆነ ለሚመጣው ፋሲካም አያደርሰው። ሐሙስ ጠዋት ደሴ ወጥቶ ካርዱን ሊገዛ ተነሣ።

ሚስቱ ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት። ሳትለካ የምትቆርጠው ነገር የለም። እሱ ጫማውን እስኪያስር የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፈተች፣ ካርዱ የሚገባበትን ቦታ አሳየኝ አለችው፣ ርዝመቱን በክር ለካች፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቋጠሮ አሰረች። ከዚህ ቋጠሮ የሚያልፍ ዕቃ እንዳይገዛ ነገረችው። ሲራክ ሳቀባት።

«ኮምፒውተር እኮ ቀሚስ አይደለም» አላት።

ትርንጎ ግን ክሩን ከብሩ ጋር ጠቅልላ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

ደሴ ሲደርስ ጋሽ ይማም የሚባሉ አዛውንት ሱቅ ገባ። ከራሳቸው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሲራክ አላነበበውም። ዓይኑ ያረፈው መደርደሪያው ላይ ባለው ስምንት ጊጋ ካርድ ላይ ነው፤ ሦስት ማራገቢያ አለው፣ ያብለጨልጫል። ጋሽ ይማም ለምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሆነ ቢጠይቁት፣ ብሩን ይዣለሁ ትልቁን ይስጡኝ አላቸው። እሳቸውም በሰው ገንዘብ ምን አገባኝ ብለው ካርዱን አወረዱ።

ብሩን ከኪሱ ሲስብ ክሩ አብሮ ወጥቶ ባንኮኒው ላይ ወደቀ።

ጋሽ ይማም አንሥተው ቋጠሮዎቹን አዩና ምንድን ነው አሉት። ሲራክ አፈረ። የሚስቴ ነገር ነው፣ የሳጥኑን ውስጥ ለክታ ነው ብሎ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ አልመለሱለትምም። ክሩን ካርዱ ላይ ዘረጉት። ካርዱ ቋጠሮውን በአራት ጣት አልፎት ሄደ።

ሲራክ ቀና ሲል ጽሑፉን አየው። የስምንት ወር ልፋቱ፣ የሰጠው ቃል፣ የሙሽራዋ አባት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዓይኑ ላይ መጡበት። ብሩን መልሶ በሁለት እጁ ያዘው።

ጋሽ ይማም ስለ ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ ጠየቁት። ሳጥኑን ሰብረህ ብታስገባው እንኳ ያ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኃይል ይህን ካርድ አያስነሣውም አሉት። ከዚያም ከሥር መሳቢያ አንዲት አጭር፣ ባለ አንድ ማራገቢያ፣ አራት ጊጋ ካርድ አወጡ። ከቋጠሮው ገባ ብላ ቀረች። ዋጋዋም የትልቁን ግማሽ አይሆንም።

«እናቴ ጫማ ልትገዛልኝ ገበያ ስትወጣ እግሬን በሰንበሌጥ ለክታ ነበር የምትሄደው» አሉት። «አንድም ቀን የገበያውን ትልቁን ጫማ አምጥታልኝ አታውቅም። አንድም ቀን ደግሞ እግሬን አልጠበበኝም። ሚስትህን እግዜር ይስጥልኝ በላት።»

ማታውኑ ካርዷ ተገጠመች። ሙሽሮቹ ያነሡትን እግር አወረዱ፤ ጨፈሩም። ሲራክ ወንበሩ ላይ ተደግፎ እፎይ አለ፤ ከስምንት ወር ወዲህ እንዲህ ተንፍሶ አያውቅም። ሚስቱን ጠርቶ ክርሽ ባይኖር ኖሮ ዛሬ እያለቀስኩ ነበር የምገባው አላት፣ ስለ ሳቁም ይቅርታ ጠየቃት።

«ለካ ኮምፒውተርም ወገብ አለው» አለችው ትርንጎ።

እሑድ የሙሽራዋ አባት ትራስ ተደግፈው ልጃቸውን በነጭ ልብስ አዩ። ድገመው አሉት፤ ደገመው። ካርዱ ስንት ጊጋ እንደሆነ አልጠየቁም።

ወዳጆቼ፣ ሰው የሚከስረው ገንዘብ ስላነሰው ብቻ አይደለም። የጓደኞቹን ጥያቄ ይዞ ገበያ ስለሚወጣም ይከስራል። ለእነሱ ጉራ የሚሆነው ለእኛ ቤት ላይገባ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመን የራሳችንን ቤት እንለካ፤ ቤታችንን የሚያውቅ ሰው ሲመክረንም፣ ሙያውን አያውቅም ብለን አንሳቅበት። እናንተስ፣ ትልቁን ልትገዙ ስትቻኮሉ፣ ከኪሳችሁ ያለውን ክር ዘርግታችሁ አይታችሁታል?