የደላላው ፈተናና የወይዘሮ ይርገዱ ከል

በአንድ ወቅት፣ ደላላ ሁሉ ተምሮና ተፈትኖ ፈቃድ ያውጣ የሚል ደንብ በወጣበት ዘመን፣ ሰኞ ገበያ በምትባል ከተማ ወይዘሮ ይርገዱ የሚባሉ ባለ ቂም ነበሩ። ሌላው ሰው ቤት አለው፣ ከብት አለው ይባላል፤ እሳቸው የነበራቸው ቂም ነው። እሱንም ቢሆን በደንብ ይዘውታል።

ቂሙ እንዲህ ነው። ባላቸው አቶ ዘውገ ታመው በተኙ ጊዜ ወንዳፍራሽ የሚባል የቤት ደላላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ጋሽ ዘውገ፣ በግቢዎ መሐል መንገድ ሊያልፍ ነው። ዶዘሩ ሳይደርስ ይሽጡት» አላቸው። አቶ ዘውገ ሰው ያምኑ ነበር፤ ሕመም ሲጨመርበት ደግሞ ማመን ይብሳል። ቤቱን በርካሽ ሸጡት። ገዥው የወንዳፍራሽ የሚስቱ ወንድም መሆኑ የተሰማው በኋላ ነው። አቶ ዘውገ በተከራዩት አንድ ክፍል ተኝተው፣ መኪና ባለፈ ቁጥር «ዶዘሩ መጣ?» እያሉ ሲጠይቁ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ዶዘሩ እስከ ዛሬ አልመጣም። መንገዱም እንደዚያው።

በሰኞ ገበያ ሰው ሰውን በጥይት ቢገድል የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ። በወሬ ለገደለ ግን ሥርዓት አልተበጀለትም። ስለዚህ ወይዘሮ ይርገዱ ራሳቸው አበጁለት። በአርባው ማግስት ሦስት ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ የለበሱትን ጥቁር ከል በሁለት ጣታቸው ከደረታቸው ሳብ አድርገው አሳዩአቸው።

«ይህን ከላዬ የሚያወልቅልኝ የአባቱን ደም የመለሰ ልጄ ነው። ምርቃቴንም እሱ ይወስዳል። ምርቃቴ አንድ ናት፤ ለሦስት አትከፈልም። ደም መላሽ ከጠፋ ከነከሌ ቅበሩኝ» አሉ። ነጩን ቀሚሳቸውን አጥበው፣ አጣጥፈው፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ልጆቹ ግን ጠመንጃ ነክተው የሚያውቁ አልነበሩም። የበኩሩ በላቸው የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ መካከለኛዋ አስናቀች የሕግ መምህርት ናት፤ የመጨረሻው ምትኩ ሥራ ፈላጊ ነው። ከዚህ ቤት ደም መላሽ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ደንቡ ባይወጣ ኖሮ እውነትም አይወጣም ነበር።

ደንቡ፣ ስምንተኛ ክፍልን ያላጠናቀቀ፣ የድለላ ሥልጠና ያልወሰደና ፈተናውን ያላለፈ ሰው ቤት አያሻሽጥም ይላል። ያወጡት ሰዎች አስተዋይነታቸው አያጠራጥርም፤ የተማረ ሰው እንደማይዋሽ ደርሰውበታልና።

ወንዳፍራሽ ትምህርቱን የተወው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነበር። ስለዚህ በከተማዋ መሐል ካለው ሾላ ሥር ከሚውሉት ደላሎች ጋር ሆኖ፣ እኛ የዕድሜ ልክ ልምድ ያለን ሰዎች ስለሆንን ትምህርቱም ፈተናውም ይለፈን ብሎ ለጽሕፈት ቤቱ አመለከተ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ሊፈቅድ ብዕሩን አንሥቶ ነበር ይባላል። በዚህ ጊዜ በላቸው ከመቀመጫው ተነሣና፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ልምድ ትምህርትን የሚተካ ከሆነ ብዙ የተከሰሰ ሌባ ሁሉ ዳኛ ይሁን እንዴ ሲል ጠየቀ። ስብሰባው ሳቀ፤ ስብሰባ ከሳቀ ደግሞ ወሰነ ማለት ነው። ይለፈን ያሉት ሁሉ ተከለከሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋሽተው የማያውቁት አያ ጉልላት የተባሉ ሽማግሌ ደላላም ፊደል አይለዩም ነበርና ከሾላው ሥር ተነሥተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በላቸው ድሉን ለእናቱ ሲተርክ አያ ጉልላትን አላነሣም።

«አለቀሰ?» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

«አላለቀሰም፣ እማዬ። ትምህርት ቤት ገባ።»

እውነትም ወንዳፍራሽ ገብቷል። ሽበቱን ይዞ ሰባተኛ ክፍል፣ ከገዛ የልጅ ልጁ ኋላ ተቀመጠ። ወይዘሮ ይርገዱ ያን ሰሞን ገበያ የሚሄዱበትን መንገድ ለውጠው በትምህርት ቤቱ በር በኩል አደረጉት። ሰውየው ደብተሩን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲወጣና ልጆቹ «አባባ ሰባተኛ» እያሉ ሲያጅቡት ቆመው ያያሉ። ከሐዘናቸው ወዲህ እህል የጣማቸው ያን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ሰውየው ሰባተኛን አለፈ፤ ስምንተኛንም እንደ ምንም ተንጠላጥሎ አለፈ። እህሉም ተመልሶ መረራቸው።

ሥልጠናው ሲከፈት ሕጉን እንድታስተምር የተመደበችው አስናቀች ሆነች። ወንዳፍራሽ የማን ልጅ መሆኗን ያውቃልና ኋላ ወንበር ላይ፣ ከአንድ ወፍራም ሰው ጀርባ ተቀመጠ። እናቷ አጣምመሽ አስተምሪው ብለው መክረዋት ነበር። እሷ ግን ትምህርት አላጣምም፣ የተጣመመ ትምህርት የሚተርፈው ለሌላ ሰው ነው ብላ እምቢ አለች። ያደረገችው ሌላ ነው። ትምህርት በተጀመረ ቁጥር ወንዳፍራሽን በትሕትና፣ በ«እርስዎ» ታስነሣዋለች። ከዚያ አንድ ደላላ የታመመን ሻጭ መንገድ ሊመጣብህ ነው ብሎ ቢዋሸው ጥፋቱ ምንድን ነው ስትል ትጠይቀዋለች።

መጀመሪያ ላይ፣ ሻጩስ ለምን አላጣራም ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ሌላ ቀን፣ ገበያ ነው አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ጉሮሮውን እያሳየ ጉንፋን ይዞኛል አለ። እሷ ግን ጥያቄዋን እንደ ዳዊት ደገመችው። ክፍሉም መሳቁን ተወ፤ በትንሽ ከተማ የመጽሐፍ ጥያቄ ባለቤቱ ሳይታወቅ አይከርምም። አንድ ቀን ወንዳፍራሽ በሩ ላይ ጠበቃት።

«የኔ ልጅ፣ ሌላ ጥያቄ የለሽም?»

«ጥያቄው የመጽሐፍ ነው፣ ጋሼ። መልሱ ነው የእርስዎ።»

ሥልጠናው ሊያበቃ ሲል ሳትጠራው ተነሣ። «ደላላ ያወቀውን አይደብቅም፤ የሌለውን አለ አይልም። ያ ደላላ ሻጩን ገድሎታል» አለና ተቀመጠ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለችም።

«አለቀሰ?» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

«ድምፁ ተሰበረ።»

«ድምፅ ይጠገናል» አሉ። ያንገበገባቸው ሌላም ነገር አለ። አስናቀች አጥብቃ ስላስተማረችው ወንዳፍራሽ ትምህርቱን ከክፍሉ ሁሉ አብልጦ ያዘው። የወለድኳት ልጅ ጠላቴን አስተምራ ልትመርቅልኝ ነው እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ።

ምትኩም ሥልጠናውን ወስዶ ስለነበር በፈተናው ቀን ወንበሩ ከወንዳፍራሽ ጎን ዋለ። ደላላን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስተውል። ደላላ በእጁ ካለው ይልቅ በሰው እጅ ያለውን ያምናል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ከዚህ የተሻለ አለ እያለ ከቤቱ ሲያስወጣ የኖረ አንደበት በመጨረሻ ባለቤቱንም ያሳምነዋል። ወንዳፍራሽ ሁሉንም በትክክል ሠርቶ ጨረሰ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ምትኩ ወረቀት ሄደ።

ምትኩ ይህን ጠብቆ ነበር። በየጥያቄው የተሳሳተውን መልስ በእርሳስ አጥቁሮ፣ ወረቀቱን ወደ ዴስኩ ጠርዝ ገፋ አድርጎ፣ ክንዱንም ፈቀቅ አድርጎለታል። ሰውየው ላቡን እየጠረገ የራሱን እውነት በላጲስ እያጠፋ የምትኩን ውሸት ገለበጠ። የታመመውን ሻጭ የሚመለከተው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ላጲሱን አንሥቶ ቆየና መልሶ አስቀመጠው፤ ያችን ራሱ እንደሠራት ተዋት። ምትኩ ይህን በዓይኑ አይቷል። ወንዳፍራሽ ወረቀቱን አስረክቦ ሲወጣ ምትኩ የገዛ ላጲሱን ከኪሱ አወጣ፤ የራሱን መልስ አንድ በአንድ አስተካከለ።

ምትኩ አለፈ፤ ወንዳፍራሽ ወደቀ። አንዲት ትክክለኛ መልስ ሰው አታሳልፍም፤ ደንቡ ደግሞ የወደቀን ሰው ዳግም አይፈትንም። ምትኩ ፈቃዱን ተቀብሎ ሾላው ሥር፣ ወንዳፍራሽ ይቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አለቀሰ?» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

«የውጤት ሰሌዳው ላይ ስሙን እየፈለገ ነው። ትናንትም እዚያው ቆሞ ነበር።»

ወይዘሮ ይርገዱ ሳጥኑን ከፈቱ። ነጩን ቀሚስ አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩትና ልጆቻቸውን አስጠሩ።

አሁን በሾላው ሥር ያለውን አንድ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማንም አልጻፈውም፣ በፈተናም አይመጣም። ቤቱን መጀመሪያ ያሳየ ደላላ፣ ሌላው ቢያስማማ፣ ሌላው ቢያፈራርም፣ ኮሚሽኑን አያጣም። በዚህ የተነሣ በሰኞ ገበያ የተጣሉ ወንድማማቾች ብዙ ናቸው። የአቶ ዘውገ ልጆችም ከዚያው ከተማ ናቸውና በዚያው ልማድ ተሟገቱ።

«በሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለ በላቸው። «እኔ አፌን ባልከፍት ይለፈው ተብሎ፣ ይኸው ዛሬም ሾላው ሥር ሆኖ ይስቅብን ነበር።»

«ያሳየኸውን በርማ ከፍቶ ገባበት» አለች አስናቀች። «ደም የሚመለሰው ገዳይ መግደሉን ሲያውቅ ነው። በገዛ አፉ ‹ገድሎታል› ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ልታሳልፊው ነበር» አላት ምትኩ። «የጣለው ማን ነው? በላቸውም እንደሆነ አያ ጉልላትን አብሮ ነው የጣለው። እኔ የጣልኩት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«በምን ጣልከው?» አለችው እኅቱ። «ያመነህን ሰው የሌለ ነገር አሳይተህ። አባታችን የወደቀውስ በምን ነበር?»

«እኮ በዚያው ነዋ» አለ ምትኩ። «ደም በምን ሊመለስ ኖሯል?»

ወይዘሮ ይርገዱ ሦስቱንም በየተራ አዩ። ሦስቱም ደስ አሏቸው፤ ይህ ነው ያስቸገራቸው። የበላቸውን ሲሰሙ እጃቸው ከላቸውን ይነካል፤ የአስናቀችን ሲሰሙ ይተዋል፤ የምትኩን ሲሰሙ ደግሞ ይመለሳል። ምርቃታቸው አፋቸው ጫፍ ደርሳ ወደማን እንደምትሄድ አታውቅም።

በዚህ መሐል ወንዳፍራሽ በሩን ገፍቶ ገባ። ማንም አልጠራውም። ለደም ዕርቅ እንደሚመጣ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ያውም ለታይታ የተመረጠ ትንሽ ድንጋይ አይደለም። ተንበረከከ።

«እትዬ ይርገዱ፣ መንገድ አልነበረም» አለ።

ወይዘሮ ይርገዱ ጎንበስ ብለው ፊቱን መረመሩት። ጉንጩ ርሷል። ላብ ይሁን ዕንባ ግን ከዚያ ድንጋይ ሥር ሆኖ አይለይም። በሥርዓቱ መሠረት ይቅር ያለ ሰው «አስቀምጠው» ይላል። እሳቸው አላሉም። ቀጥ ብለው ተቀመጡና፣

«አንተ» አሉት፣ «ዕድሜህን ሙሉ ደልለሃል። አንዱ በሩን አሳየ፤ አንዷ አስማማች፤ አንዱ አፈራረመ። ኮሚሽኑ የማን ነው?»

ወንዳፍራሽ ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት ሞከረ። ከፈተናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ በራ። «እንደ ሾላው ልማድማ ከሆነ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። ሦስቱንም ልጆች አየ። አስናቀች ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፋ።

«አልችልም፣ እትዬ» አለ። «ፈቃድ የለኝም።»

ከቤቱ ውስጥ ፈቃድ ያለው ምትኩ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ባለጉዳይ ነው።

እንግዲህ ነጩ ቀሚስ እስካሁን የወይዘሮ ይርገዱ ጭን ላይ ነው፤ ጥቁሩም ከላያቸው አልወረደም። ድንጋዩ ደግሞ ከባድ ነውና ስትከራከሩ የተሸከመውን ሰው አስቡት፤ ካልፈለጋችሁም አታስቡት፣ ወይዘሮ ይርገዱ አይቀየሟችሁም። ለእናንተ ለመፍረድ ስምንተኛ ክፍል አይጠየቅም። ማምለጫውን የዘጋበት ነው፣ ጥፋቱን ያስተማረችው ናት፣ በራሱ ውሸት የጣለው ነው፣ ወይስ ሳይጠሩት ድንጋዩን ተሸክሞ የመጣው? የወይዘሮ ይርገዱን ከል ማን ያውልቅ?